ማን ይጠብቅዎታል?

ይህ ታሪክ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ ድረስ እውነት ነው። እናቴ ትሙት እንዳልል እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ስለዚህ በራሴ እምላለሁ፤ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ የአውቶቡሱ በር ለእኔ አይከፈት። በ2074 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ የከበደ መሐላ የለም። ለማያምን ደግሞ ምስክር አለኝ። እትዬ ሃሴት ይባላሉ። ቃላቸውን መጨረሻ ላይ፣ ምንም ሳልነካካ፣ እንደተናገሩት አሰፍረዋለሁ። ልብ በሉ፤ የሚዋሽ ሰው ምስክር አይጠራም።

እኔ ኢዮስያስ ታደለ ነኝ። ስሜን ያልሰማ ካለ ትናንት የተወለደ መሆን አለበት። ሚኒባስ ታክሲ የሚባል ነገር በነበረ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ የዚህች ከተማ የመጨረሻው የታክሲ ረዳት እኔ ነበርኩ። ከመጨረሻዎቹ አንዱ አላልኩም፤ የመጨረሻው። ሜክሲኮ አደባባይ ቆሜ «ሳሪስ! ቃሊቲ! ቃሊቲ!» ብዬ ስጣራ ድምፄ ከታክሲው ቀድሞ ቃሊቲ ይደርሳል፤ እዚያ ያለው ሰው ሰምቶ ይሰለፋል፤ እኛ ኋላ እንደርሳለን። «ጠጋ ጠጋ በሉ» ስል ደግሞ አንድ ወንበር ላይ ስንት ሰው እንደማስቀምጥ ብነግራችሁ ስለማታምኑኝ እተወዋለሁ። በእኔ «ጠጋ በሉ» ትከሻ ለትከሻ ተገናኝተው የተጋቡ፣ የበኩር ልጃቸውን ኢዮስያስ ያሉ ሰዎች ከተማውን ሞልተውታል። ዛሬ አንዳቸውንም አላገኛቸውም እንጂ።

የዚያን ዘመን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ልጆቻችሁ አያውቁትም። ታክሲ ውስጥ የምታውቁትን ሰው ስታዩ ሰላም ብላችሁ ብቻ አታልፉትም፤ ትከፍሉለታላችሁ። አንዱ ከፊት ወንበር ዞሮ «የእሱን ከዚህ ውሰድ» ይለኛል። ከኋላ ያለው ከመቀመጫው ይነሳል።

«ኧረ ተው! በሞቴ!»

«ተቀመጥ አንተ፣ አይሆንም አልኩህ!»

«እናቴን! ዛሬስ የምከፍለው እኔ ነኝ!»

እኔ በመሐል እጄን ዘርግቼ እንደ ዳኛ እቆማለሁ። አንድ ቀን ለገሃር አካባቢ ሁለት ጓደኛሞች እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ሲባባሉ ሸሚዝ ለሸሚዝ ተቀዳደው፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ትራፊክ ፖሊሱ ሊገላግል ገብቶ እሱ ራሱ የሁለቱንም ከፍሎ ወጥቷል። ታዲያ በዚያን ጊዜ ሰው ታክሲ ገብቶ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚያደርገው አንገቱን አዙሮ ማንን እንደሚያውቅ ማየት ነበር። ግዴታ ነው፤ ሳይቀድሙህ መቅደም አለብህ።

ከዚያ ጉዞ ነፃ ሆነ። አንገት ማዞር ቀረ።

በመጀመሪያው ዓመት ከተማው በደስታ ሰከረ። ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሰው ቲማቲም ለመግዛት ቱሉ ዲምቱ ይሄድ ጀመር፤ እዚያ ያለው ይቀላል ብሎ። ሱቁ ከበረንዳው የሚታየው ሰው እንኳ አውቶቡስ ይጠብቃል። የጫማ ሶል አላልቅ ስላለ ጫማ ሰፊዎች ጥላቸውን አጥፈው ሄዱ። እግረኛ መንገዱ ሣር አበቀለ። ርቀት ዋጋ ሲያጣ ወንድምና እህት ከተማው ዳርና ዳር ተበተኑ። «ምን አለበት፣ ነፃ ነው፤ በፈለግን ሰዓት እንገናኛለን» ተባባሉ። በፈለጉ ሰዓት የሚደረግ ነገር ደግሞ መቼም አይደረግም። ድሮ ሰው ታክሲ ተጋፍቶ፣ ዝናብ መትቶት፣ ከኪሱ አውጥቶ ቤትህ ሲመጣ መምጣቱ ራሱ ስጦታ ነበር፤ «ከዚያ ድረስ ለእኔ ብሎ መጣ» ትላለህ። አሁን መምጣት ምንም አያስከፍልም፤ ስለዚህ ማንም አይመጣም። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል። ወንበሩ ይደረደራል። የሚቀመጥበት የለም፤ ሁሉም «ነገ እደርሳለሁ» ብሏል።

ሰው ግን ቤቱ ብቻውን መቀመጥም አልቻለም። ስለዚህ ተሳፈረ። የትም ሳይሄድ ተሳፈረ። አውቶቡሱ ይሞቃል፣ መብራት አለው፣ የሰው ጀርባ አለው። እዚያው ጢሙን ይላጫል፣ ጥፍሩን ይቆርጣል፣ ጸሎቱን ያደርሳል፣ ያለቅሳል። ማንም ማንንም አያይም። በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሁሉም በየወንበሩ ጭኑ ላይ እቅፍ አደይ አበባ ይዞ፣ የሚሰጠው ሰው ሳይኖር፣ ከጀሞ ኮተቤ፣ ከኮተቤ ጀሞ ሲመላለስ ይውላል። ማታ ላይ ወለሉ ቢጫ ይሆናል። ይጠረጋል። «ወራጅ አለ!» የሚል ሰው እንኳ ጠፋ፤ አውቶቡሱ ማን የት እንደሚወርድ ያውቃል። አንድ ቀን ናፍቆኝ በሙሉ ድምፄ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። መስታወቱ ተሰነጠቀ፤ እንቅልፍ ላይ የነበሩት ሁሉ ወረዱ። ወርደው ግን የት እንደሆኑ አላወቁም፤ ተመልሰው ተሳፈሩ።

የእኔ ቤት ጀሞ ነው። ሰፊ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ቤት ከተማው ውስጥ አይገኝም። ስፋቱን ለማወቅ በሩን ከፍተህ «እንዴት ዋላችሁ» በል፤ «ዋላችሁ... ዋላችሁ» እያለ ክፍሎቹን ዞሮ ወደ አንተው ይመለሳል። እኔ ግን ሥራ ስለሚበዛብኝ ቤት አልቀመጥም። ጎህ ሲቀድ እሳፈራለሁ። ወንበሬ ከመካከለኛው በር ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል ነው። የእኔ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም አይቀመጥበትም። አጠገቡም ማንም አይቀመጥም።

አውቶቡሱ ይናገራል። ድምጿ የሴት ነው፤ ሁሉንም «ወንድሜ»፣ «እህቴ» ስለምትል እኛም እህትዬ እንላታለን። ደግ ናት፤ ግን የሰው አፍ አታውቅም። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከፌስታላቸው ዳቦ አውጥተው ሊቆርሱ ሲሉ እንደ ደንቡ ዙሪያቸውን አይተው «እንብላ» አሉ። እኛም እንደ ደንቡ «ይብሉ፣ ይባረክልዎ» ልንል አፋችንን ስንከፍት እህትዬ ቀደመችን። «ግብዣው ለሁሉም ደርሷል። ተረጋግታችሁ እስክትበሉ እንቆማለን» ብላ መገናኛ ላይ አቆመችን። ሽማግሌው ዳቧቸውን እንደያዙ ላብ አጠመቃቸው። ማን ይብላ? ማንስ አልበላም ብሎ ያሳፍራቸው? ፍርፋሪ ፍርፋሪውን እየቆነጠርን ለሁላችንም ደረሰ። እውነቴን ነው፤ ተርፎም ነበር።

ሥርዓቱ የመጣው ክረምት ላይ ነው። ሥራ የሚሄደው ሰው መቀመጫ አጣ፤ አውቶቡሱን የትም የማይሄድ ሰው ሞልቶታል። የጉዞ ቢሮው አልተቆጣም። ቅጣትም ፖሊስም አላመጣም። እህትዬን አንድ ጥያቄ ብቻ አስጠናት፤ «ማን ይጠብቅዎታል?» ሠራተኛውን መሥሪያ ቤቱ ይጠብቀዋል። ተማሪውን አስተማሪው። ገበያ የሚሄደውን ሻጩ። ከዚህ ውጭ ከሆንክ የአንድ ሰው ስም ትሰጣለህ፤ እህትዬ ያንን ሰው እዚያው ትጠይቀዋለች፤ «አዎ» ካለ ትሄዳለህ። የሚጠብቅህ ከሌለ በትሕትና ቤትህ ታደርስሃለች፤ ከዚያ በኋላ በሩ ለአንተ አይከፈትም። ይኸው ነው።

አቶ ናሆም የሚባል ሰው ነበር፤ ሁልጊዜ ከፊቴ፣ ጃንጥላውን በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ ይቀመጣል። ለብዙ ዓመት ማጅራቱን አይቼ ስሙን ያወቅኩት እህትዬ ስትጠይቀው ነው። የሚሰጠው ስም አልነበረውም። በማግስቱ ፌርማታው ላይ ቆሞ አየነው። አውቶቡሱ ቆመ፣ በሩ ለሌሎች ተከፈተ፣ እሱ እግሩን ሲያነሳ ተዘጋ። እጁን አነሳልን። እኔም አነሳሁለት። እንዲህ በየጠዋቱ ሰላምታ ስንሰጣጥ ሰነበትን፤ እንደዚያ ሰው የተቀራረብኩት የለም። ከዚያ አንድ ጠዋት ጃንጥላው ብቻውን ምሰሶው ላይ ተደግፎ አየሁት። ቆየና ጃንጥላውም አልነበረም።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ።

«ወንድሜ ኢዮስያስ፣ እንደምን አደሩ። ዛሬ ማን ይጠብቅዎታል?»

«ማን የማይጠብቀኝ አለ ብለሽ ነው!» አልኳት፤ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

«አንድ ስም ይበቃል።»

«ወንድሜ ቢኒያም። አያት ነው ያለው። እኔ ካልደረስኩ ምሳ አይነካም።»

«አቶ ቢኒያምን ጠይቀናል። ‹የትኛው ኢዮስያስ?› ብለዋል።»

ሳቅሁ። ቀልደኛ ነው ቢኒያም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው። «ተይው እሱን፣ ሥራ በዝቶበት ነው። ዳግምን ጠይቂው። ሾፌሬ ነበር። ያለ እኔ ማርሽ መቀየር አይሆንለትም።»

«አቶ ዳግም ካረፉ ቆይተዋል። ያጽናዎት።»

ይህን አላውቅም ነበር። ማለቴ አውቅ ነበር፤ ቀብሩን ያስፈጸምኩት እኔ ነኝ፤ ሕዝቡ ከተማውን ዘግቶት ነበር፤ ለጊዜው ተረስቶኝ ነው።

«ዳግም ሞቶም ይጠብቀኛል» አልኳት።

«እዚያ መስመር የለንም» አለች።

«እሺ፣ የሳሪስ ሰው በሙሉ ይጠብቀኛል!»

«ሳሪስ የሰው ስም አይደለም፣ ወንድሜ ኢዮስያስ። ዙሩን ስንጨርስ ቤትዎ እናደርስዎታለን። መልካም ቀን።»

ማንም አልዞረም። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ቤቴ ትዝ አለኝ፤ «ዋላችሁ... ዋላችሁ» የሚለው።

ያኔ ነው እትዬ ሃሴት ከወንበራቸው የተነሱት። ሰባ ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ሳብ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። ቤታቸው ኮተቤ ነው፤ እዚያ ይወርዳሉ። ገበያ ሲወጡ ጎመን ሻጯ ስለምትጠብቃቸው ሥርዓቱ አልነካቸውም። ፌስታላቸውን አንጠልጥለው ወደ በሩ ሲያልፉ አጠገቤ ቆም አሉ። ሁሉንም ሰምተዋል።

«አይዞህ የኔ ልጅ» አሉኝ። «እኔም ቤት ብቅ በል እንጂ አንዳንዴ።»

«እሺ እትዬ፣ እመጣለሁ» አልኳቸው።

እንግዲህ ይህን ንግግር የዚህ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ብቅ በል ይባላል፤ እመጣለሁ ይባላል፤ ሰውን ባዶውን ላለመሸኘት ነው። ቀን አይቆረጥም፤ ቤቱ የት እንደሆነም አይጠየቅም። ምቀኞች «የእትዬ ሃሴትም ለአፍ ያህል ነበር» ሊሉ ይችላሉ። እኔ ግን ዓይናቸውን አይቻለሁ፤ ለመኑኝ ብል ይቀላል። ለማንኛውም እህትዬ የሰው አፍ አታውቅም ብያችኋለሁ።

«እህቴ ሃሴት፣ ወንድማችንን ኢዮስያስን ይጠብቁታል?»

እትዬ ሃሴት አንድ እግራቸው መውረጃው ላይ እንዳለ ቀሩ። በሩ ክፍት ነው። ሰው ሁሉ ዞሯል፤ ያ ሁሉ አንገት ስንት ዓመት አልዞረም ነበር! እንደዚህ ሰው እያየው «የለም፣ አልጠብቀውም» የሚል ሰው በዚህ አገር ይወለዳል?

«እ... አዎ» አሉ። «እንዴታ። እጠብቀዋለሁ።»

«እናመሰግናለን። መልካም ጥየቃ።»

ከሰዓት በኋላ እህትዬ ቤታቸውን አመልክታ ኮተቤ አወረደችኝ። የእትዬ ሃሴት ግቢ ከፌርማታው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። በሩ አረንጓዴ ቆርቆሮ ነው፤ ከታች በኩል ቀለሙ ተልጦ ዝገቱ ይታያል። ከመወርወሪያው ትይዩ ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ሽቦ ያልፋል፤ ሽቦውን ሲስቡት መወርወሪያው ይነሳል። ከመንገዱ ማዶ፣ በሩን ፊት ለፊት የሚያይ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። የጎረቤት ቡኒ ውሻ በመጀመሪያው ቀን ይጮኻል፤ ከዚያ በኋላ እግርህ ሥር ይተኛል። ይህን ሁሉ የምዘረዝርላችሁ እንዳትጠራጠሩኝ ነው።

ወደ ውስጥ ስገባማ ምን ልበላችሁ! ቤት አይደለም፣ አዳራሽ ነው። ዘመድ አዝማዱ፣ ጎረቤቱ፣ የንስሐ አባታቸው ሳይቀሩ ቆመው ተቀበሉኝ። ዶሮው፣ ክትፎው፣ ጥብሱ ተደርድሯል፤ የሽሮው ሽታ ደግሞ አጥር ዘሎ መንገድ ድረስ ይመጣል። «ጠጋ ጠጋ በሉ ለኢዮስያስ!» ተባለ። ተጠጋጉልኝ። ከግራም ከቀኝም ትከሻ ነካኝ። ጉርሻው ከየአቅጣጫው ሲዘንብብኝ መልስ ለመስጠት እንኳ አፌን ባዶ አላገኘሁትም። ከዚያ የለገሃሩን ታሪክ ነገርኳቸው፤ ሳቁ! አንዱ በሳቅ ብዛት ከወንበሩ ወድቆ እዚያው መሬት ላይ ሆኖ መሳቁን ቀጠለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በመስኮቱ መብራት ሲበራ፣ «እንግዲህ ልሂድ» አልኩ። «አፈር ስሆን! በሞቴ! ገና ምኑን ተጫወትን!» ብለው እጄን ያዙኝ። በግድ ነው የተላቀቅኩት። ውሻው እስከ ፌርማታው ሸኘኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳልሄድ የቀረሁበት ቀን የለም። ጠዋት ጠዋት እህትዬ ትጠይቃለች፤ እትዬ ሃሴት ከቤታቸው ሆነው ይመልሳሉ፤ ድምፃቸው ወንበሬ ድረስ ይሰማል። መጀመሪያ ሰሞን «እ... አዎ» ነበር። ሰነበተና «አዎ» ሆነ። በኋላ በኋላ እህትዬ ጥያቄዋን ሳትጨርስ «እጠብቀዋለሁ» ማለት ጀመሩ። እኔን የሚያወድስ ድምፅ በዚህ ከተማ በሺህ ይቆጠራል፤ ከዚያ ሁሉ ያንን እመርጣለሁ። አውቶቡስ ላይ ስንገናኝ ግን አናወራም። አንገታቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔም ዝቅ አደርጋለሁ። ትልልቅ ሰዎች በአደባባይ አያወሩም።

ዝናብ እንኳ አላስቀረኝም። አንድ ቀን ስደርስ ወደ ውስጥ ይገባ የነበረው የበሩ ሽቦ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ሌላ ቀን ደግሞ ድንጋዩ ላይ ኬሻ ተነጥፏል። እንደ እኔ ያለ እንግዳ የሚመጣበት መንገድ እንዲህ ነው የሚዘጋጀው። ግብዣውም ቢሆን ከቀን ወደ ቀን እየደመቀ ሄደ፤ በመጨረሻ ዘፋኝ ሁሉ ይመጣ ነበር።

ነገሩ የተነሳው የጉዞ ቢሮው የላካት ልጅ የተሳፈረች ዕለት ነው። ውብዓለም ትባላለች፤ የዛሬ ልጆች ስም ሁሉ ወደ ድሮው ተመልሷል። ጫማዋ ጠቧት እያነከሰች መጥታ ፊቴ ቆመች።

«አቶ ኢዮስያስ፣ ይቅርታ። ኮተቤ በየቀኑ ይወርዳሉ።»

«ይጠብቁኛላ!»

«የሰፈሩ ሰዎች ግን ሌላ ነገር ነው የሚሉት። አንድ ሰው እየመጣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል ነው የሚሉት።»

«ሊያዩኝ የወጡ ናቸዋ!»

አልሳቀችም። የደከማት ልጅ ናት። «አቶ ኢዮስያስ፣ የሐሰት ጠባቂ በዝቶብናል። ሰው በይሉኝታ አዎ ይላል። ካረጋገጥን ለሁለታችሁም ነው በሩ የሚዘጋው። ለእርስዎም፣ ለእሳቸውም።»

እትዬ ሃሴት ሁለት ወንበር ቀደም ብለው ተቀምጠው ነበር። አልዞሩም። ፌስታላቸውን ጭናቸው ላይ ጠበቅ ሲያደርጉ ጎመኑ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። እሳቸውስ ገበያቸውን በምን ይሂዱ? በዚያ ዕድሜ፣ ሣር በበቀለበት መንገድ፣ በእግር?

ተነሳሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ለእናንተ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገርኳት፤ ትንሽ አሳንሼ እንጂ አልጨመርኩም። አዳራሹን፣ ዶሮውን፣ በሳቅ የወደቀውን ሰውዬ። መሐል ላይ ስደርስ ከኋላ አንድ ሰው «ክትፎ ቀርቦ ሽሮ ማን ይነካል፣ አያ?» አለ።

«ጾመኛ እንግዳ አይጠፋማ!» አልኩት።

«ጾመኛ ክትፎ ቤት ምን ይሠራል?»

«እኔን ሊያይ ነዋ የመጣው!»

ሳቅ! እውነተኛ ሳቅ፣ አውቶቡስ ውስጥ! አንዲት ሴትዮ «ዘፋኙ ማን ነበር?» ስትል ሌላው «አቦ አታቋርጪው!» አላት። አንገት ሁሉ ዞረ። ከኋላ ያሉት አልሰማ ብሏቸው ተነስተው ቆሙ። ያኔ ሳላስበው፣ በዚያ በድሮው ድምፄ፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ!» አልኩ። ተጠጉ። ሙች እንዳልላችሁ፣ ተጠጉ። አጠገቤ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ተቀመጠበት።

ውብዓለም እንኳ ሳቅዋ አምልጧት ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚያ ሥራዋ ትዝ አላትና ወደ እትዬ ሃሴት ዞረች።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ እውነት ነው?»

እኔ አልፈራሁም። ሰው እያያቸው የለም ማለት የማይሆንላቸው ሴት ናቸው። እትዬ ሃሴት ነጠላቸውን ከግንባራቸው መለስ አድርገው፣ ብቅ በል ካሉኝ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩኝ። ቃሌ ቃል ነውና፣ ቀስ ብለው የተናገሩትን እነሆ፤ ምንም አልነካሁትም።

«የለም፣ የኔ ልጅ። ቤቴ ገብቶ አያውቅም። ዘመድም የለኝም፤ ክትፎም አልሠራሁም። ያን ቀን ብቅ በል ያልኩት እንዲያው ለአፌ ነው። እሱም ያውቃል፤ ለዚህ ነው የማያንኳኳው። ይመጣና ድንጋዩ ላይ ይቀመጣል። ለውሻው ያወራል፣ ብቻውን ይስቃል፣ መሸት ሲል ይሄዳል። በመስኮት አየዋለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያማ ምናለ ቶሎ በሄደልኝ እል ነበር። ኋላ ድንጋዩ ይቀዘቅዘዋል ብዬ ኬሻ አነጠፍኩለት። ሽቦውን ወደ ውጭ አወጣሁለት። ሳይጨልም መብራት የማበራው ቤት መኖሬን እንዲያውቅ ነው። ወጥቼ ልጥራው እላለሁ፤ በይሉኝታ የጠራሁት መስሎት ይሸማቀቃል ብዬ እተወዋለሁ።»

«እንግዲያው አይጠብቁትም ማለት ነው?» አለች ውብዓለም።

«ገብቶ አያውቅም ነው ያልኩሽ» አሉ እትዬ ሃሴት። «እጠብቀዋለሁማ። ዛሬም የሁለት ሰው ነው የሠራሁት።»